የርቀቱን ዋጋ ማን ይከፍላል? ከሴንት ሉዊስ እስከ ቦሌ አራብሳ

ለሚ ኩራ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች ሁሉ ታናሹ ነው። ከቦሌና ከየካ ተቀንሶ 11ኛ ክፍለ ከተማ የሆነው በ2013 ዓ.ም. ነው። በአገራችን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ደግሞ በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ይህ ክፍለ ከተማ በስሙ አንድም ጊዜ ተቆጥሮ አያውቅም። ቆጣሪዎቹ በየቤቱ ሲዞሩ ዛሬ የቦሌ አራብሳ ብሎኮች የቆሙበት መሬት ማሳ ነበር። አሁን ከሲኤምሲ እስከ አያት፣ ከሰሚት እስከ አራብሳ በአጥር የተከበበ ቪላ፣ የኮንዶሚኒየም መንደር፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግዙፍ የስብሰባ ማዕከልና ከመሀል ከተማ የተነሡ ሰዎች መኖሪያ ጎረቤት ሆነው ይገኛሉ። ስለ አሜሪካ ከተሞች ችግር እዚህ ቆሜ የምናገረው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ትናንት የጀመርነውን ሥራ እነርሱ ከሰባ ዓመት በፊት ጀምረው ፍሬውንም እሾሁንም አይተውታል።

የምከራከርበት ነገር አንድ ነው። ማንኛውም የከተማ ቤት ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ውል ላይ ተጽፎ ለባንክ የሚከፈለው ነው። ሁለተኛው ከዚያ ቤት ተነሥቶ ወደ ሥራ፣ ወደ ሐኪም ቤት፣ ወደ ገበያና ወደ ዘመድ ለመድረስ በየቀኑ በብርና በሰዓት የሚከፈለው ነው። የመጀመሪያውን ባንክም መንግሥትም ገዢም በጥንቃቄ ይመዘግባሉ። ሁለተኛው ግን የትኛውም መዝገብ ላይ ስለማይሰፍር ባለቤት የለውም፤ ባለቤት የሌለው ዕዳ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ለመክፈል አቅም በሌለው ሰው ላይ ነው። የአሜሪካ ከተሞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤትና መንገድ ሲሠሩ ርቀቱን ከሒሳቡ ውጭ አደረጉት። ለሚ ኩራ የተሠራውም በዚያው ሒሳብ ነው። ልዩነቱ፣ የእኛ ገና ትኩስ ስለሆነ ሊታረም መቻሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1949 የአሜሪካ ምክር ቤት የቤቶች ሕግ አወጣ። ሕጉ በአንድ እጁ ከተሞች ያረጁ ሰፈሮችን አፍርሰው መሬቱን ለአልሚ እንዲሰጡ ገንዘብ መደበ፤ በሌላ እጁ በስድስት ዓመት ውስጥ 810,000 የመንግሥት ቤቶች እንዲሠሩ ፈቀደ። ማፍረሱ ፈጥኖ ሄደ፤ መሥራቱ ግን ወደ ኋላ ቀረ። ሰባት ዓመት ቆይቶ የወጣው የ1956ቱ የአውራ ጎዳናዎች ሕግ ደግሞ 41,000 ማይል መንገድ እንዲዘረጋ አዘዘ፤ ከወጪው 90 በመቶውን የፌዴራሉ መንግሥት ቻለ። አንድ ክፍለ ግዛት ከራሱ ኪስ አሥር በመቶ ብቻ አውጥቶ ትልቅ ሥራ ሠራሁ ማለት ሲችል ማን እምቢ ይላል? መንገዱ የት ይለፍ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ መሬቱ የሚረክስበትና ነዋሪው ጮሆ የማይሰማበት ቦታ ተመረጠ። በሴንት ፖል ሮንዶ የሚባለውን የጥቁሮች ሰፈር፣ በማያሚ ኦቨርታውንን፣ በኒው ኦርሊንስ የክሌይቦርን ጎዳናን አውራ ጎዳናው ለሁለት የሰነጠቃቸው በዚህ መንገድ ነው። መሐንዲሶቹ ክፉ ሰዎች ስለነበሩ አይመስለኝም። የተሰጣቸው ሒሳብ የመሬት ዋጋንና የመኪና ፍጥነትን እንጂ የእግረኛን ርቀት የሚጠይቅ አልነበረም።

የዚህ ዘመን ታዋቂ ምሳሌ በሴንት ሉዊስ የተሠራው ፕሩት አይጎ ነው። ባለ 11 ፎቅ 33 ሕንፃዎች በ1950ዎቹ አጋማሽ ተጠናቀው ድሆች ገቡባቸው፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ በፈንጂ መፍረስ ጀመሩ። ይህ ታሪክ በእኛም አገር ሳይቀር "ፎቅ ለድሃ አይሆንም" ለማለት ይጠቀሳል። ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ጥፋቱ የፎቁ አይደለም። የሕንፃዎቹ ጥገና ከተከራዮቹ ኪራይ እንዲሸፈን ተወስኖ ነበር። በዚያው ጊዜ ሥራውና አቅም ያለው ነዋሪ በአዲሶቹ አውራ ጎዳናዎች እየነጎደ ከከተማው ወጣ። በ1950 ከ850,000 በላይ የነበረው የሴንት ሉዊስ ሕዝብ በ1970 ወደ 620,000 ወረደ፤ በ2020 ከ300,000 ብዙም አይዘልም ነበር። ሥራው ሲርቅ የተከራዩ ገቢ ቀነሰ፤ ገቢው ሲቀንስ ኪራዩ አልተከፈለም፤ ኪራዩ ሳይከፈል ሲቀር ሊፍቱና ቧንቧው ተበላሽቶ ቀረ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለጥገና የሚዋጣ ገንዘብ እንዴት እንደሚያከራክር፣ ከላይኛው ፎቅ ውሃ ሲጠፋ ማን ምን እንደሚል የምታውቁ ሁሉ ይህን ሰንሰለት ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልጋችሁም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከቦስተን ነው። ዌስት ኤንድ የሚባለው የጣሊያኖችና የሌሎች ስደተኞች ሰፈር በድህነት መንደርነት ተፈርጆ ከ1958 ጀምሮ ፈረሰ። ከመፍረሱ በፊት እዚያው ገብቶ የኖረው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ኸርበርት ጋንስ በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከውጭ ለሚያየው የተጎሳቆለ የሚመስለው ሰፈር ከውስጡ በዝምድና፣ በዱቤና በመረዳዳት የተሳሰረ መሆኑን አሳየ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ፍሪድ ደግሞ ተነሺዎቹን ተከታትሎ፣ ብዙዎቹ ላይ ያየው ስሜት ሰው የሞተበት ሰው ሐዘን እንደሚመስል ጻፈ። እኛ ይህን የምናውቀው በሌላ ስም ነው። ዕድር የሚቆመው ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል በእግር በሚደረስበት ርቀት ነው። ዕቁብ የሚሰበሰበው ዳኛው የእያንዳንዱን ዕቁብተኛ በር ስለሚያውቅ ነው። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" የሚለው አባባል ስለ ፍቅር ብቻ የተነገረ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን የኢኮኖሚ ሐሳብ አድርጌ እወስደዋለሁ። ቅርበት ለድሃ ብድር ነው፣ ኢንሹራንስ ነው፣ የልጅ መዋያ ነው።

ርቀትን በቁጥር ለመመዘን የሞከረው ጆን ኬን የተባለ የኢኮኖሚ ምሁር ነበር። ኬን በ1968 ባሳተመው ጥናት የዲትሮይትንና የቺካጎን መረጃ አይቶ፣ ጥቁር አሜሪካውያን በአድልዎ ምክንያት ከተወሰኑ ሰፈሮች እንዳይወጡ ሲደረግ ፋብሪካው ወደ ከተማ ዳር በመሄዱ ከሥራ እየራቁ መምጣታቸውን አሳየ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1965፣ በሎስ አንጀለስ ዋትስ ሰፈር 34 ሰው የሞተበት ሁከት ተነሥቶ ነበር። ሁከቱን የመረመረው ኮሚሽን ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ አውቶቡስ ነው፤ የሕዝብ ትራንስፖርቱ ውድና ደካማ በመሆኑ የሰፈሩ ሰው ሥራ ፍለጋ እንኳ መሄድ ተቸግሮ ነበር። አውቶቡስ ስለ ቀረ ሰው ቤት ያቃጥላል ማለቴ አይደለም። ርቀት በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚከፈል ስለሆነ ጉዳቱ ለባለሥልጣን ዓይን ሳይታይ ለዓመታት ሊጠራቀም እንደሚችል ግን ያሳያል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አዲስ አበባ ከአሜሪካ ከተሞች በተለየ መንገድ ያደገች ከተማ ናት። ሀብታምና ድሃ በአጥር ብቻ ተለይተው አንድ መንደር ውስጥ ይኖሩ ነበር። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ብዙ ነገር አበላሽቷል፤ ባለቤትነትን አጥፍቷል፣ ጥገናን ገድሏል፣ የቀበሌ ቤትን ጣሪያ ለዝገት ዳርጓል። ይሁን እንጂ ሳያስበው አንድ ነገር አቆየ፦ ድሃው መሀል ከተማ ቀረ። በጥቂት ብር ኪራይ ፒያሳ፣ ካሳንቺስ ወይም ልደታ የሚኖር ሰው ቤቱ ያረጀ ቢሆንም ሥራው በእግሩ የሚደርስበት ነበር። በ1996 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን ከጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር በቦሌ ገርጂ የሙከራ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ፣ ዓላማው ያንን ያረጀ ቤት በተሻለ መተካት ነበር። የመጀመሪያዎቹ መንደሮች ገርጂን የመሳሰሉ ለከተማው ቅርብ ነበሩ። ፍላጎቱ ሲያይል ግን ግንባታው እየራቀ ሄደ፤ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ በደቡብ በኩል ደግሞ ኮዬ ፈጬ። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ መልክ በተካሄደው ምዝገባ ከ900,000 በላይ ሰው ተመዘገበ።

ግንባታው የራቀው መሬቱ ርካሽ ስለነበረ ነው። መሬቱ ርካሽ የሆነው ደግሞ የአርሶ አደሩ ካሳ ትንሽ ስለነበረ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ የሚከፈለው የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላስ? ለትውልድ የሚተላለፍ ማሳ ከተማ ሲሆን የሚያወጣው ዋጋ በዚያ ስሌት ውስጥ አልገባም። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ብዜቱን ወደ አሥራ አምስት ከፍ አድርጎ መልሶ ማቋቋምን ግዴታ ቢያደርግም፣ የለሚ ኩራ አብዛኛው መሬት ያኔ ተወስዶ ነበር። ስለዚህ የዚህን ክፍለ ከተማ የመጀመሪያውን የርቀት ክፍያ የከፈለው ከአራት ኪሎ የመጣው ተነሺ አይደለም፤ ከተማው ራሱ መጥቶ ደጁ የቆመበት የኦሮሞ ገበሬ ነው። የ2006 እና የ2008 ዓ.ም. የማስተር ፕላን ተቃውሞ ከየት እንደመጣ ለመረዳት የፖለቲካ ድርጅቶችን መግለጫ ብቻ ማንበብ አይበቃም፤ ይህን የካሳ ስሌትም ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛውን ክፍያ የከፈለው ወደ ዳር የመጣው ነዋሪ ነው። ለምሳሌ ያህል እናስላው። አንድ ሰው ከአራብሳ መሀል ከተማ ሠርቶ ለመመለስ ሠልፉን፣ መገናኛ ላይ የሚቀይረውን ታክሲና የመንገዱን መጨናነቅ ጨምሮ በቀን ሦስት ሰዓት ቢያጠፋ፣ በወር 26 የሥራ ቀን 78 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም አሥር ሙሉ የሥራ ቀን ገደማ ነው። ደመወዝተኛው ይህን ከእንቅልፉና ከልጆቹ ሰዓት ቀንሶ ይከፍላል። ጉልት የምትቸረችር ሴት ግን ከምንም ልትቀንሰው አትችልም። የእርሷ ትርፍ ከአትክልት ተራ የገዛችውን ሽንኩርት በርካሽ አምጥታ ለለመዷት ደንበኞች በመሸጥ ላይ የቆመ ነው፤ የመጓጓዣው ብር ትርፉን ይበላዋል፣ ደንበኞቹም አብረዋት አልመጡም። እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታስረክበው፣ በየቤቱ ልብስ የምታጥበው፣ በቀን ሥራ የሚተዳደረው ሁሉ እንደዚሁ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አንትሮፖሎጂስት ገብሬ ይንቲሶ ከመሀል ከተማ ተነሥተው ዳር የሰፈሩ ሰዎችን አጥንቶ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ያሳተመው ጽሑፍ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ የገቢ ምንጭ መቋረጥ፣ የማኅበራዊ ትስስር መላላት፣ የአገልግሎት መራቅ። ከቦስተን ወደ አዲስ አበባ ተተርጉሞ የመጣ እስኪመስል ድረስ ይመሳሰላል።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። አሜሪካ ሀብታም አገር ናት፣ ከተሞቿን የበተናቸው የግል መኪና ነው፣ የዘር መድልዎም አለበት፤ እኛ ከዚያ ምን አገናኘን? ልዩነቱ እውነት ነው፤ ግን የሚያመራው ተቃዋሚው ወደሚፈልገው አቅጣጫ አይደለም። በአሜሪካ ርቀት አብዝቶ የጎዳው መኪና የሌለውን ነው። እዚያ መኪና የሌለው ጥቂቱ ነበር፤ እዚህ አብዛኛው ነው። እዚያ ሥራው ወደ ዳር ሸሽቶ ድሃው መሀል ላይ ቀረ፤ እዚህ ድሃው ወደ ዳር ተወስዶ ሥራው መሀል ቀረ። አቅጣጫው ይገለበጥ እንጂ በመካከል ያለው ኪሎ ሜትር ያው ነው። የራሳችን ሰዎችም አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ በሌላ መልኩ አይተውታል። በዋሽንግተን አዳምስ ሞርጋን፣ ቀጥሎም በዩ ስትሪት አካባቢ ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍተው ሰፈሩን ያሞቁት ኢትዮጵያውያን፣ ሰፈሩ ሲወደድ ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሄደዋል። እነርሱን ማንም አፍራሽ ግብረ ኃይል አልመጣባቸውም፤ የኪራይ ደብዳቤ በቂ ነበር። የሄዱት ግን መኪናቸውን ነድተው ነው።

ከዚህ የሚበረታው ተቃውሞ የገንዘቡ ነው። መሀል ከተማ መሬቱ ውድ ነው፤ በዚያ ዋጋ ጥቂት ሺህ ቤት ብቻ ይሠራ ነበር፤ ዳር በመውጣት ግን ከ200,000 በላይ ቤተሰብ የራሱ ቤት አገኘ፤ ሩቅም ቢሆን ቤት ከቤት አልባነት ይሻላል። ይህ ክርክር ቀልድ አይደለም። ቀርቤ የማየው ግን "ርካሽ" የሚለውን ቃል ለማን እንደምንናገረው ነው። ለሠሪው ርካሽ ነበር። ለከተማው በጠቅላላ ሲታሰብ ግን እስከ አራብሳ የሚዘረጋው የውሃ መስመር፣ የመብራት ምሰሶ፣ አስፋልትና አውቶቡስ፣ በላዩም የነዋሪው ሰዓት ሲደመርበት የዋጋው ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል። ቤቱ ተሠርቶ መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ከዓመታት በኋላ መድረሱም የዚያው ስሌት ውጤት ነው፤ ወጪው አልቀረም፣ ለሌላ ዓመት በጀትና ለሌላ ሰው ኪስ ተላለፈ እንጂ።

በማስረጃ የተደገፈ ሌላ ተቃውሞም አለ፤ ሐቀኛ ተከራካሪ ሊያልፈው አይገባም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ በዕድል የሚወጣ በመሆኑ ለተመራማሪዎች የተመቸ ነው፤ ዕጣ የወጣለትንና ያልወጣለትን ማነጻጸር ይቻላል። የኢኮኖሚ ተመራማሪው ሳይመን ፍራንክሊን ይህን አድርጎ የባለዕድሎቹ የሥራ ገቢ እንዳልቀነሰ አግኝቷል። ዳንኤል አግነስና ጥጋቡ ጌታሁን ደግሞ የባለዕድሎች ልጆች በትምህርታቸው የተሻለ መግፋታቸውን አሳይተዋል። ታዲያ ርቀት ምን ጎዳ? መልሱ በጥናቶቹ ውስጥ አለ። ባለዕድሉ ምርጫ ነበረው። ብዙዎች ቤቱን አከራይተው ራሳቸው በለመዱት ሰፈር ቀርተዋል፤ ኮንዶሚኒየሙ መኖሪያ ከመሆኑ በፊት ሀብት ሆነላቸው። ወደ አራብሳ የሄደው የሚያዋጣው ሆኖ ሲያገኘው ሄደ፤ ያላዋጣው አልሄደም። የልማት ተነሺው ግን ይህ ምርጫ የለውም፤ የቀበሌ ቤቱ ፈርሷል፣ የተሰጠውም ምትክ ብዙ ጊዜ በኪራይ የሚኖርበት እንጂ የሚያከራየው አይደለም። ስለዚህ ጥናቶቹ የሚሉት "ርቀት አይጎዳም" ሳይሆን "ርቀትን መርጦ የሚወስደው ሰው አይጎዳም" ነው። ባለዕድሉና ተነሺው አንድ ብሎክ ላይ፣ አንድ ደረጃ እየወጡ ይኖሩ ይሆናል፤ የሚከፍሉት ግን አንድ አይደለም።

"እንግዲያው ትራንስፖርቱን እናሻሽል" የሚለው መልስ ለጆሮ ይጥማል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ምሥራቃዊ ጫፉ አያት ነው፤ እስከ ጦር ኃይሎች 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘልቃል። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ነገር ግን ከገቡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ፤ የቀሩት ላይ የሚታየውን መጨናነቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በዚያ ላይ ሐዲዱ በሲኤምሲ መንገድ መሀል ለመሀል በአጥር ታጥሮ ሲዘረጋ፣ ፊት ለፊት ያለ ሱቅ ለመድረስ ረጅም መንገድ መዞር ግድ ሆነ፤ ሰውን ለማቀራረብ የመጣ መስመር ሰፈሩን ለሁለት መክፈሉ የሮንዶን ታሪክ በትንሹ ያስታውሳል። ባቡሮቹ ሁሉ ቢጠገኑስ? እዚሁ አዲስ አበባ ግሩም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያ፣ ሳይመን ፍራንክሊንና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ሙከራ ለዚህ ጥያቄ ይጠቅማል። ከመሀል ከተማ ርቀው ለሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች የመጓጓዣ ገንዘብ ሰጧቸው፤ ለሌሎች ደግሞ ችሎታቸውን የሚያስመሰክሩበት ሥልጠና ሰጡ። በመጀመሪያው ወቅት ሁለቱም የተሻለ ሥራ ለማግኘት ረዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የሥልጠናው ጥቅም ሲቀጥል የመጓጓዣው ጠፍቶ ነበር። ገንዘቡ ሲቆም ርቀቱ እዚያው ነበርና።

ስለዚህ የሚቀረው ሥራውን ራሱን ማቅረብ ነው። "ሥራ ሰውን ተከትሎ በራሱ ጊዜ ይመጣል" የሚሉ አሉ፤ የሲኤምሲንና የሰሚትን ባንኮች፣ ካፌዎችና ሕንፃዎች በማስረጃነት ያሳዩናል። ሥራ የሚከተለው ግን ሰውን ሳይሆን የሰውን ኪስ ነው፤ ሲኤምሲ በፍጥነት የሞላው አራብሳ ግን የዘገየው ለዚህ ነው። ከዚያም በላይ እኛው ራሳችን ሥራውን እንከለክላለን። በኮንዶሚኒየም መንደሮች ምድር ላይ ያሉት የንግድ ክፍሎች በጨረታ ለከፍተኛ ዋጋ አቅራቢ ይሸጣሉ፤ ነጋዴ ያልሆነ ነዋሪ እንዴት ይወዳደራል? ጉልት የዘረጋችውን ደንብ አስከባሪ ያነሣታል። የአሜሪካ ከተሞች ከ1920ዎቹ ጀምሮ ቤትን ከሱቅ፣ ሱቅን ከወርክሾፕ በሕግ ለያይተው ኖረው ዛሬ ያንን ሕግ እየፈቱ ነው፤ ሚኒያፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2018 የነጠላ ቤት ክልልን ለማስቀረት ወሰነች፣ በፋሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ለእያንዳንዱ ሕንፃ መኪና ማቆሚያ የሚያስገድደውን ደንብ ሰረዘች። እኛ እነርሱ የሚያወልቁትን ልብስ ለመልበስ ለምን እንቸኩላለን? በዚህ ክፍለ ከተማ የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ የሚበዙት ሠራተኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፣ ሰርቪስ ቤትና ጠባብ ክፍል በደባልነት ተከራይተው ይኖራሉ። ሥራውና ቤቱ አንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ተቀምጠው ሳይገናኙ መቅረታቸው የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ መኖሪያውን አንድ መሥሪያ ቤት፣ ፓርኩን ሌላ መሥሪያ ቤት፣ አውቶቡሱን ሦስተኛ መሥሪያ ቤት ስላቀዱት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ጉዳዩን አጣዳፊ አድርጎታል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና መብራት ለአዲስ አበባ ያስፈልጓት ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም፤ ለእግረኛ የሚሠራ ከተማ በዚህ ንግግር መንፈስም የሚወደስ ነው። ነገር ግን መሀሉ ባማረ ቁጥር ከመሀሉ የተነሣው ሰው እየራቀ ከሄደ፣ መንገዱ የተሠራለት እግረኛ ማን ነው? ለሚ ኩራ ደግሞ ተቀባይ ብቻ አይደለም፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2025 ባወጣው ዘገባ፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ገደማ በቦሌና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች ቢያንስ 872 ሰዎች በግዳጅ ተፈናቅለዋል ብሏል። ከመሀል የመጣውን የሚቀበለው ዳር ራሱ ሰው ማንሣት ከጀመረ ቀጣዩ ዳር የት ነው? ለገጣፎን የያዘው የሸገር ከተማ ነው፤ የሌላ ክልል አስተዳደር፣ የሌላ በጀት፣ የሌላ ታሪፍ። ርቀቱ ያኔ በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም።

ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥር ዓመት የታሰበው የከተማው መዋቅራዊ ፕላን ዘመኑን ሊጨርስ ተቃርቧል። ያ ፕላን ከአንድ መሀል ይልቅ ብዙ ማዕከላት ያሏት ከተማ ያልማል፤ ሐሳቡን እደግፈዋለሁ። ማዕከል የሚሆነው ግን ካርታ ላይ ቀለም የተቀባ ቦታ ሳይሆን ሰው ማልዶ ለሥራ የሚሄድበት ነው። ለተነሺ ምትክ ቤት ሲሰጥ የቀድሞ ሥራው የት እንደነበረና አዲሱ ቤት ከዚያ ምን ያህል እንደሚርቅ በውሉ ላይ ይጻፍ። የምድር ቤቱ የንግድ ክፍሎች ወደ ጨረታ ከመውጣታቸው በፊት የተወሰነው ክፍል እዚያው ለሚኖር ተነሺ በአነስተኛ ኪራይ ይሰጥ። ከአራብሳና ከአያት ወደ ቦሌ ለሚ ሠራተኛ የሚያደርስ፣ መገናኛ ሄዶ መመለስን የማይጠይቅ የአውቶቡስ መስመር ይዘርጋ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? የሚለው የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ ከሁሉም የሚቀለው እርሱ ይመስለኛል። የቀበሌ ቤት ፈርሶ የተለቀቀው የመሀል ከተማ መሬት በሊዝ ሲተላለፍ በካሬ ሜትር ከፍተኛ ዋጋ ያወጣል። ያ ዋጋ የመጣው መሬቱ ለሁሉ ነገር ቅርብ በመሆኑ ነው፤ ያንን ቅርበት ያጣው ደግሞ ተነሺው ነው። እንግዲያው በሊዝ ውሉ ላይ ከሚገኘው ገቢ አንድ የታወቀ ድርሻ፣ የተነሣው ሰው በሰፈረበት ክፍለ ከተማ ለአውቶቡስ፣ ለመሥሪያና ለመሸጫ ቦታ ብቻ እንዲውል በደንብ ይወሰን፤ ሒሳቡም በየዓመቱ ለለሚ ኩራ ነዋሪዎች በግልጽ ይቅረብ።